አሥራ አንድ አውሮፕላን ያለው ቀለም ቀቢ

የለቡው ሙሉሰው በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት የጦር መርከብና አሥራ አንድ አውሮፕላን አስቀምጧል ተባለ።

ወሬው የተጫነው በቸኮል ሚኒባስ ነው። ቸኮል ሾፌር ነው፤ ከተሳፋሪ ይልቅ ወሬ አብዝቶ ይጭናል፣ ለወሬ ደግሞ «ትርፍ ጭነሃል» ብሎ የሚቀጣ ትራፊክ እስካሁን አልተቀጠረም። ከለቡ ሲነሣ አውሮፕላኑ አንድ ነበር፣ እሱም ገና ያልተቀባ። ጀርመን አደባባይ ላይ ሦስት ሆነ። መካኒሳ መንገዱ ተዘጋግቶ ግማሽ ሰዓት ስለቆሙ ቁጥሩ አሥራ አንድ ደረሰ፣ መርከብም ተጨመረበት። ብስራተ ገብርኤል ሲደርሱ ሙሉሰው ራሱ የመርከብ አዛዥ ሆኖ፣ ነጭ ኮፍያ ደፍቶ፣ ቀይ ባሕርን ሦስት ጊዜ አቋርጦ፣ አንድ ጊዜም ከዓሣ ነባሪ ጋር ተናንቆ፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ።

አያንቱ ወሬውን የሰማችው እዚያው ብስራተ ገብርኤል፣ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማ ነው። ፋርማሲስት ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ኑሮዋ ከሚሊግራም ጋር ስለሆነ፣ የተጋነነ ነገር ሲነግሯት በልቧ ማካፈል ትጀምራለች።

«ዶክተር፣ ሰማሽ?» አለቻት የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ። «ለቡ አንድ ካፒቴን አሉ። አሥራ አንድ አውሮፕላን!»

«የት ያሳድሩታል?»

«ቤታቸው ነዋ!»

«ቤታቸው ምን ያህላል?»

«አንድ ክፍል ናት አሉ። ሦስት በሦስት።»

አያንቱ አካፈለች። አንዱ አውሮፕላን ጅራቱን ብቻ ወደ ቤት ቢያስገባ አፍንጫው ፉሪ ይደርሳል።

«እሳቸውስ የት ይተኛሉ?»

«ክንፉ ሥር ይሆናላ! ምን ታደርቂኛለሽ፣ ሽሮፑን ስጪኝ።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት አሉ፣ ገና ጎልማሳ ናቸው።»

አያንቱ እንደገና አካፈለች። አገሪቱ ባሕር ካጣች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሰውዬው መርከብ አዝዘው ከነበረ ያዘዙት ሁለተኛ ክፍል ሆነው፣ ከእረፍት ደወል በኋላ መሆን አለበት። ሽሮፑን በፌስታል አድርጋ ሰጠችና ወሬውን ረሳችው።

በሳምንቱ አንድ ቀጭን ሰው ገባ። የጥፍሮቹ ሥር ሦስት ዓይነት ቀለም ይዟል፣ ልብሱ ቲነር ቲነር ይሸታል። ፕላስተር፣ ሁለት ሲሪንጅ ያለ መርፌ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ አፍ ላይ ያለችዋ የጎማ ክዳን... ለብቻዋ ትሸጣላችሁ?»

«አንሸጥም። ለምንህ ነው?»

«ለአውሮፕላን ጎማ።»

አያንቱ ፕላስተሩን እንደያዘች ቆመች። «ለቡ ነው ቤትህ?»

«አዎ። በምን አወቅሽ?»

«አሥራ አንድ አውሮፕላን አለህ?»

«አሥራ አንድ አለኝ» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ሳያፍር፣ የልጆቹን ቁጥር እንደተጠየቀ አባት። «አንዱ ገና ጎማ ይቀረዋል እንጂ።»

ውሸታም ብዙ አይታለች። ያለ ማዘዣ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ስንት ድራማ እንደሚሠራ እሷ ታውቃለች። ይኼኛው ግን የውሸታም ፊት አልነበረውም። እንደ ልማዷ ማካፈል ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ ግን ቀድማ ጠየቀች።

«አንዱ አውሮፕላን ምን ያህላል?»

ሙሉሰው መዳፉን ዘርግቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ክንፉ ከዚህች ጣቴ እስከዚህች።»

«ታዲያ አሻንጉሊት አትልም?»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ፣ በእናቱ የተሰደበ ይመስል። «አሻንጉሊት ልጅ የሚሰብረው ነው። የኔን ግን ልጅ ቢነካው የምሰበረው እኔ ነኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚች ላይ ነው። አማርኛ ለበሬ ቀንድ አበቃቀል እንኳ ስንትና ስንት ስም ሲያወጣ፣ መርከብን አሳንሶ ከነመሰላሉ ለሚሠራ ሰው ሥራ ስም አላወጣለትም። ሙሉሰው መጀመሪያ «ሞዴል እሠራለሁ» ይል ነበር። አከራዩ ይኼን ስትሰማ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ መሰላት፤ «በቤቴ የመንግሥት ደረሰኝ አይታተምም!» ብላ የሦስት ቀን ቀነ ገደብ ሰጠችው። ጉዳዩ ተጣርቶ ሳያልቅ አንድ ጎረቤት ረጅሟን ልጁን አስውቦ አመጣና «እስቲ አረማመዷን እይልኝ፣ ሞዴል ይወጣታል?» አለው። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሩን አንኳኩ፤ የሒሳቡ ሞዴል ፈተና እሱ ጋ ይወጣል ተብለው ነው። ያን ቀን ሞዴል የሚለውን ቃል ተወ። አሻንጉሊት ደግሞ አይልም። የቀረው መንገድ ነገሩን በስሙ መጥራት ነበር፤ መርከብ መርከብ ነው፣ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ሙፊዳ ካፌ ማኪያቶውን እየማሰለ «ዛሬ መርከቧን ሁለተኛ ቀለም አለበስኳት፣ ነገ ውሃ ላይ አወርዳታለሁ፣ አንዱን አውሮፕላን ግን ገና አልቀባሁትም» ሲል፣ ከጎኑ ቸኮል ተቀምጦ ነበር። ሙሉሰው አልዋሸም። ቸኮልም በራሱ ሚዛን ብዙ አልዋሸም።

አያንቱ ከጎረቤት ክሊኒክ ስምንት የጎማ ክዳን ለምና፣ ቀቅላ፣ አድርቃ ጠበቀችው። ሙሉሰው ሲቀበል አልማዝ የሰጠችው ይመስል አንዷን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሣት። «ልክ ናት» አለ። «ልክ ናት፣ ልክ ናት።» አያንቱ ለሰው መድኃኒት ስትሰጥ ስምንት ዓመት ሆኗት፤ እንዲህ ባንዴ የዳነ ሰው ግን አይታ አታውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አስከፍታ፣ አከራዩም እያየች፣ ቤቱን ልታይ ሄደች።

ግድግዳ የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። አልጋው ከመርከቦቹ በተረፈች ጥግ እንደ እንግዳ ተኮራምቷል። በሩ ሲከፈት ነፋስ ገባና፣ ከጣሪያው በዓሣ ማጥመጃ ክር የተንጠለጠሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ባንድነት አፍንጫቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

ትልቁ መርከብ ከክንዷ ትንሽ ይበልጣል። ቀፎው ከኮምፔርሳቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ተልጦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ የተሠራ ነው። ክብ ክብ መስኮቶቹ የጫማ ማሰሪያ ቀዳዳ ቀለበቶች ናቸው። ገመዱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ክር ነው፣ ሻማ ታሽቶበት። መሰላል አለው፤ መሰላሉ መደገፊያ አለው፤ ጉንዳን እንኳ ብትወጣበት መደገፊያውን ይዛ እንጂ እንዲሁ አትወጣም።

«እነዚህ የምስማር ራስ የመሰሉ ነጥቦች?» አለች አያንቱ፣ አንዱን ክንፍ ጠጋ ብላ እያየች። «በምን አወጣሃቸው?»

«በግድግዳ ሰዓት ጥርስ። ሰዓቱ ሞቶ ነበር። ባለ ጥርሱን መዘውር አወለቅኩና ክንፉ ላይ እንደ ጎማ እየነዳሁት ሄድኩ።»

«ስንት ናቸው?»

«መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ለአንድ ክንፍ ሁለት ወር ነድቻለሁ።»

«ይኼኛው ደግሞ ዝጓል። አሮጌ ነው?»

«አይደለም፣ ትናንት ነው ያዛግኩት» አለ በኩራት። የተበላ ላሜራ ፍቆ፣ የዝገቱን ዱቄት በቲነር በጥብጦ፣ ሦስት ፀጉር ብቻ ባለው ብሩሽ አስነክቶታል። «አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅ መርከብ ሱቅ ውስጥ የቆመ ነው። ሥራ የዋለ መርከብ መልሕቁ የሚወርድበት ጋ ያለቅሳል።»

አያንቱ የምታካፍለው አጣች። ሰውዬው ቀድሟት ሁሉንም ለመቶ አካፍሎ ጨርሷል። ስሙ ሙሉሰው፣ ሥራው አንድ መቶኛ።

ታሪኩን ያን ቀን ሰማች። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከደብረ ሲና መጥቶ የጋሽ ገብረ መድኅን ጋራዥ ገባ፣ የመኪና ስርጉድ የሚሞላበት ስቱኮ ለኳሽ ሆኖ። ስቱኮ ከማድረቂያው ጋር ከተበጠበጠ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ ለመኪናው ተለክቶ የተረፈው ቆርቆሮው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ሙሉሰው ብክነት አይወድም። ከተረፈው ላይ ሳይደርቅ ቆንጥሮ ክንፍ አወጣ። በማግስቱ ሁለተኛውን ክንፍ አወጣ። ጋሽ ገብረ መድኅን ሊቆጡ መጥተው አዩት፤ ክንፎቹን አገላብጠው አዩና «ሆዱስ?» ብለው ሄዱ። ሆዱን ለማውጣት አራት ወር ፈጀ።

አሁን የጋራዡ ዋና ቀቢ ነው። የእሱ ዓይን ቀለም ሲያመሳስል፣ የተጫረው በር የትኛው እንደነበር ባለመኪናውና ጫሪው ተጣልተው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፣ ዳኛውም አይቶ ማግኘት ያቅተዋል። ከየመኪናው የተረፈችውን ማንኪያ ቀለም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ግራጫዋ የጦር መርከብ የለበሰችው የአንዲት ቪትዝ ትራፊ ነው። ውሃ ላይ የወረደችውም እዚያው ጋራዡ ግቢ፣ የጎማ ቀዳዳ በሚፈተሽበት በርሜል ውስጥ ነው፤ ጋሽ ገብረ መድኅን ሪባን ቆርጠው፣ መካኒኮቹ ክላክስ ነፍተው፣ አንድ የውሃ ቦቴ ሾፌር ዕንባ አውጥቶ። መርከቧ በርሜሉን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ አልዘመመችም።

በስድስት ወር ውስጥ አያንቱና ሙሉሰው እንጋባ ተባባሉ። የቀረው አባቷ ነበሩ።

ኦቦ ዱጉማ ሀና ማርያም ነው ተወልደው ያረጁት። ስማቸው በኦሮምኛ «በእውነት» እንደማለት ነው፣ እሳቸውም ስሙን እንደ ሥራ ይዘውታል። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን ያረሱ ሰው ናቸው። አሁን ሁለት ላምና ለጎመን የሚሆን ቁራሽ መሬት ቀርቷቸዋል። በሕይወታቸው ከበሬ ይልቅ ደላላ ቀርቧቸዋል፤ ትምህርት ቤት ይሠራበታል የተባለው መሬታቸው መጋዘን ሆኖ፣ ሆስፒታል ይሆናል የተባለው ደግሞ ዶሮ ይረባበታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጡ። «ሀብት አልጠይቅም፣ ዘር አልጠይቅም። አፉ ላይ ያለው እጁ ላይ ያልተገኘ ሰው ግን ልጄን አያገባም።» በዚህ ሕግ እስካሁን ሁለት አማች መልሰዋል። አንደኛው ኢንጂነር ነኝ ብሎ ሜትር ያዥ ሆኖ የተገኘ ነው። ሁለተኛው ቪላ አለኝ ብሎ ቪላው ሳይገኝ የቀረ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ጋሽ ገብረ መድኅን። ሙሉሰው ሲልካቸው «ጋሼ፣ መኪና ቀቢ ነው በሉ፣ ይበቃል» ብሏቸው ነበር። ጋሽ ገብረ መድኅን ደግ ሰው ናቸው፤ የመኪና ፍሬን ሲሠሩ ሠላሳ ዓመት ኖረው ለምላሳቸው ግን አንድም ቀን አላስገቡለትም። እንደ ወጉ ቆመው፣ «ተቀመጡ» ተብለው፣ አረፍ ሲሉ ጀመሩ።

«ኦቦ ዱጉማ፣ ልጃችን ተራ ሰው አይደለም። ከተማው ሁሉ የሚያወራለት ነው።»

«ምን እያለ?»

«አሥራ አንድ አውሮፕላን አለው። መርከብ አለው። ባሕር ላይ የኖረ፣ ካፒቴን የነበረ...»

በር ኋላ የቆመችው አያንቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ኦቦ ዱጉማ ግን ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም። «ጥሩ ነው። የዛሬ ሳምንት ልጁን ይዛችሁት ኑ።»

«ኧረ ኦቦ ዱጉማ! ሽማግሌ በተላከበት ሙሽራ አይመጣም። የት አገር ወግ ነው?»

«አውሮፕላን ያለው ሰው መምጣት አይከብደውም።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አያንቱ ወደ ሳሎን ሮጠች። «አባዬ፣ እሱ እኮ...»

እጃቸውን አነሡ። «ካንቺ አይደለም የምሰማው። ራሱ በአፉ ይንገረኝ። ሽማግሌዎቹ ያሉትን እሱም ከደገመ ነገሩ ያን ቀን ያበቃል፤ እውነቱን ከነገረኝ ግን እሰጠዋለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን እያነሣች አስቀመጠች። ቢነገረው ይዳናል። ግን አባቷ ያወቁ እንደሆነ፣ ማወቃቸውም አይቀርም፣ ተመክሮ የመጣ እውነት እሳቸው ዘንድ ከደላላ ቃል አይሻልም። ደግሞ እሷም ልትሰማው ፈለገች። የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። ሙሉሰው ውሸት አያውቅም፣ ይኼን በደንብ ታውቃለች፤ ነገር ግን ማንም፣ መቼም፣ የትም «ስንት አውሮፕላን አለህ?» ቢለው ዓይኑን ሳያሽ «አሥራ አንድ» ነው የሚለው። በእሱ አፍ ይኼ እውነት ነው። በአባቷ ጆሮ ግን የመጨረሻው ውሸት።

እሑድ መጡ። አያንቱ በመስኮት አየቻቸው። ሙሉሰው ኮት ለብሷል፣ ጥፍሩን እስኪቀላ ፈግፍጎታል። ጋሽ ገብረ መድኅን በር ላይ ክንዱን ይዘው በሹክሹክታ ይመክሩታል፤ ሹክሹክታቸው ደግሞ እስከ ጎረቤት ይሰማል።

«አንገትህን ብቻ ነቅነቅ። ሽማግሌ ያለውን ልጅ አያፈርስም። ካፈረስከኝ ጢሜን እንደላጨኸኝ ነው፣ ሰማህ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ነቅነቅ ብዬሃለሁ!»

ተቀመጡ። ኦቦ ዱጉማ ሙሉሰውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት። ከጓሮ አንዷ ላም ጮኸች።

«ስምህ ማነው?»

«ሙሉሰው፣ አባባ።»

«ሙሉሰው፣ እኔ ወሬ አልወድም፣ ግን መንገዱ ሁሉ ስምህን ይዞ እየመጣብኝ ነው። ከብስራተ ገብርኤል እስከ ለቡ አንድ ነው የሚሉት። ሽማግሌዎችህም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደገሙልኝ። አሁን ካንተ ልስማ። አውሮፕላን አለው ይላሉ። ስንት አውሮፕላን አለህ?»

አያንቱ ለስላሳ የያዘ ትሪ ይዛ ደጃፉ ላይ ነበረች። ጠርሙሶቹ እርስ በርሳቸው መንሾካሾክ ጀመሩ።

ጋሽ ገብረ መድኅን አንገታቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከትለው ነቀነቁ። ሦስት አንገት ባንድነት ሲነቀነቅ፣ ቤቱ ራሱ እሺ የሚል ይመስል ነበር።

ሙሉሰው ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ አያንቱ ታውቃታለች፤ መደርደሪያውን ሲያሳይ የሚያወጣት ናት። «አሥ...» አለ።

ከዚያ ቆመ። የኦቦ ዱጉማን እጅ አየ፤ መሬት ያረሰ፣ ጉልበታቸው ላይ የተዘረጋ፣ የሚጠብቅ እጅ። እኚህ ሰው «አውሮፕላን» ሲሉ ምን ዓይነቱን እንዳሰቡ ገባው። የእሳቸው ሰማይ ላይ የሚያልፈው ነው። ሙሉሰው የራሱን አፍ ዘጋ፣ ከወንበሩ ተነሣ፣ ወደ ጋሽ ገብረ መድኅን ዞሮ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የጋሽ ገብረ መድኅን አንገት መሃል ላይ ቆመ።

«አንድም አውሮፕላን የለኝም፣ አባባ» አለ ሙሉሰው። «መርከብም የለኝም። ካፒቴን አልነበርኩም፤ መኪና ነው የምቀባው። ባሕርን አይቼው አላውቅም። የተባለው ሁሉ ውሸት ነው።»